ሆስፒታል ልምምድ ለምትወጡ የዳይቴቲክስ (የሕሙማን አመጋገብ ሙያ) ተማሪዎች፦ ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ

ደብረ ማርቆስ ተመደባችሁ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ እንጅባራ፣ የመጀመሪያው ሰኞ ያው ነው። አዲስ ጋዋን ለብሳችሁ ዋርድ በር ላይ ትደርሳላችሁ፤ ማን እንደሆናችሁ የሚያውቅ ግን የለም። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) የፋርማሲ ተማሪ ያደርጋችኋል፣ ሲስተሯ የላቦራቶሪ፣ አስታማሚዋ ደግሞ «ዶክተር» ብላ ከመቀመጫዋ ትነሣላችኋለች። ቅር አይበላችሁ። ሙያው በአገራችን ሆስፒታሎች ገና ሥር አልሰደደም።

እኔም እንደናንተው በር ላይ ቆሜ ጀምሬያለሁ፤ ኋላም ተማሪዎች ይዤ ዞሬያለሁ። ከዚህ በታች ያለው ያኔ ቢነገረኝ ብዬ የተመኘሁት ነው።

1. ከመሄዳችሁ በፊት

ከትምህርት ክፍላችሁ የምትይዙትን ደብዳቤ ሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ አስተዳደር ቢሮ ይቀራል፣ ሌላውን ሜትሮኗ (የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ) ትጠይቃችኋለች። የጉበት ቢ ክትባት ካልወሰዳችሁ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ሦስት ዙር ስለሆነ በዋዜማው አይደርስም።

ኪሳችሁ ውስጥ የክንድ መለኪያ ቴፕ (ዋርድ ውስጥ «ሙአክ» ይሉታል)፣ የማይለጠጥ ሜትር፣ ካልኩሌተርና ትንሽ ደብተር ይኑር። በስልክ እናሰላለን አትበሉ፤ በራውንድ (ሐኪሞች ከአልጋ አልጋ በሚዞሩበት ጊዜ) መካከል ስልክ የሚነካካ ተማሪ ምን እያደረገ እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እስክሪብቶ ሁለት ያዙ፤ አንዱን ሐኪም ተውሶ ይዞት ይሄዳል። አጽዋማት የተጻፉበት የኪስ ካላንደርም ጨምሩ። ይህን የመጨረሻውን አትናቁት።

2. መጀመሪያ ሲስተሯ ዘንድ

ተማሪ ሁሉ ሐኪሙን ፍለጋ ይሄዳል። ተሳስቷል። ዋርዱን የያዘችው የተረኛ ነርሶች ኃላፊዋ ናት፤ ማን እንደበላ፣ ማን እንደመለሰው፣ የትኛው አስታማሚ ስንቅ እንዳለቀበት የምታውቀው እሷ ናት። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ግቡ፣ ሰላም በሉ፣ ራሳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተዋውቁ፦ «ሲስተር፣ እንደምን አደርሽ፤ የሥነ ምግብ ተለማማጅ ነኝ፣ የበሽተኞቹን አመጋገብ ነው የምከታተለው፤ ዛሬ ምግብ ያልገባለት ማን አለ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት በሩን የምትከፍተው። የሚጠይቃት ሰው ስለማይመጣ ሦስት አልጋ ወዲያው ትጠራላችኋለች፤ የቀኑ ሥራችሁ ተገኘ ማለት ነው።

ከሦስቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ኦፕሬሽን ጠባቂ ነው። ከሌሊት ጀምሮ አፉን እንዳይሽር ተነግሮታል፤ 8 ሰዓት ላይ ተራው አልደረሰም ተብሎ ይሰረዛል፤ ነገም እንደዚያው። እኔ በተለማመድኩበት ሆስፒታል አንድ ሰው በዚህ ሁኔታ አራት ቀን በጉሉኮስ ብቻ ሲቆይ ማንም ልብ አላለም። ለምን ብትሉ፣ ሁሉም የታዘዘውን አክብሯል። «ዶክተር፣ የአልጋ 12 ቀዶ ሕክምና ለነገ ከተላለፈ ዛሬ ይብላ?» ብሎ መጠየቅ ዕውቀት አይፈልግም፤ ከምታሰሉት ስሌት ሁሉ ግን ይበልጣል።

3. ቻርቱን አንብቡ፣ ከዚያ ለኩ

አልጋው ዳር ከመድረሳችሁ በፊት ከቻርቱ (ከበሽተኛው መዝገብ) ሕመሙን፣ ከገባ ስንት ቀን እንደሆነው፣ መድኃኒቶቹን፣ ስኳሩን፣ ፖታሲየሙንና ኩላሊቱን አይታችሁ ጨርሱ። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ዝቅ ብሎ ስታዩ ግን «በምግብ እጥረት ተጎድቷል» ብላችሁ አትቸኩሉ። ኢንፌክሽንና ቁስል ራሳቸው አልቡሚንን ያወርዳሉ። ይህን የሚስት ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ሬዚደንቶቹም ለማረም ይጣደፋሉ።

ቻርት ላይ «ክብደት፦ 50» ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ ጠርጥሩ። አምስት በሽተኛ በተከታታይ 50 ኪሎ አይመዝንም። መነሣት የሚችለውን ራሳችሁ መዝኑ። መነሣት ለማይችለው ክንዱን ለኩ፤ ቁመት ካስፈለገ ከክርን እስከ አንጓ ያለውን አጥንት ወይም የጉልበትን ከፍታ ለክታችሁ በሠንጠረዥ ገምቱ። የክንድ መለኪያ ሁልጊዜ በግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን እኩሌታ፣ ሳይጠብቅ ሳይላላ ነው። የልጅ እጅጌ ሰብስቦ መለካት አይሆንም፤ ይውለቅ።

4. «ምን በሉ?» አይባልም

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው።

ጎጃም ውስጥ አንድን ትልቅ ሰው «ምን በሉ?» ብትሉት መልሱ «ያው የተገኘውን» ነው። ሐሰት አይደለም፣ ግን ምንም አልነገራችሁም። ችግርን ለእንግዳ መዘርዘር ነውር ነው፤ ማጣትን ደግሞ ለነጭ ለባሽ ልጅ የሚናገር የለም። ስለዚህ ከሰላምታው አትቸኩሉ። አንቱታውን አትዘንጉ፤ «እንዴት አደሩ አባባ፣ ሕመሙ ቀለል አለልዎ?» ብላችሁ መልሱን ጨርሳችሁ ስሙ። ወንበር ከሌለ አልጋው ጫፍ ላይ ሳይሆን አስታማሚው የተቀመጠበት ዱካ ወይም ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀኑን አብራችሁ ሂዱ፦ ትናንት ሲነሡ መጀመሪያ የቀመሱት ምንድን ነው? ማን ሠራው? ስንት ሰው ከአንድ ትሪ በላ? እንጀራው የጤፍ ነው፣ የዳጉሳ ወይስ የበቆሎ? እህሉ ከጎተራ ነው ወይስ ከገበያ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ኑሮውን ሳታሳፍር ትነግራችኋለች፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ያለፈው እህል ሲያልቅ አዲሱ ሳይደርስ።

ሳይጠየቁ የማይወጡ ነገሮችም አሉ። ጸበል አንዱ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት በሽተኛ «ውኃ በቀን አንድ ሊትር ብቻ» ተብሎ፣ ጠዋት ሁለት ኩባያ ጸበል ይጠጣና ከውኃ አይቆጥረውም። አትከራከሩ፤ «ጸበሉን በየትኛው ኩባያ ነው የሚጠጡ?» በሉና ከሊትሩ ውስጥ ቦታ ስጡት። ጠላና አረቄንም በዚያው ድምፅ፣ ሳታሳንሱ ጠይቁ። ጡት የተወ ሕፃን ሲገጥማችሁ እንጥሉ ተቆርጦ እንደሆነ ጠይቁ። ድንገት እግሩ የተሳሰረ ጎልማሳ ከመጣ ደግሞ ለወራት ዋና ምግቡ ጓያ እንደነበረ አጣሩና ለሐኪሙ ንገሩ። እንጅባራና አካባቢው ከተመደባችሁ ከአማርኛ ይልቅ አገውኛ የሚቀናቸው አዛውንት ይገጥሟችኋል፤ ከአስታማሚዎቹ አንዱን አስተርጓሚ ለምኑ።

አሁን ካላንደሩ። ከጮቄ ግርጌ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል፣ ክንዳቸው የልጅ ክንድ። ገንቢ ምግብ ያስፈልጋቸዋል ብዬ አሰላሁ፣ በቀን ሁለት እንቁላልና ሁለት ብርጭቆ ወተት ጻፍኩ፣ በትሕትና አስረዳሁ። «እሺ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን የኮመዲኖውን መሳቢያ ስከፍት ስድስት የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልጃቸው በየቀኑ ሁለት ሁለት እየገዛ፣ እሳቸው በየቀኑ እየተቀበሉ ሲያስቀምጡ ነበር። ወሩ መጋቢት፣ ሁዳዴ አጋማሽ። ልጅየው ወደ ኮሪደር አውጥቶ «እሺ ያለችህ እኮ አንተን እንዳታሳፍር ብላ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ «እሺ»ን እንደ ስምምነት ቆጥሬ አላውቅም።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፤ ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ አሉ፤ የነቢያቱም የሐዋርያቱም ይጨመራል። ዕቅዳችሁ ይህን ካላወቀ ግማሹን ዓመት አይሠራም። መጠየቅ ያለባችሁ «ይጾማሉ?» ብቻ አይደለም፤ «እስከ ስንት ሰዓት?» የሚለውም ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው የቀኑን ምግብ በሙሉ ከ9 ሰዓት እስከ መኝታው ባለው ጊዜ ማግኘት አለበት፤ አንድ ትልቅ ገበታ ሳይሆን ሦስት መካከለኛ አድርጋችሁ አከፋፍሉት። ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ይህ የእናንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ መጠኑንና ሰዓቱን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው፤ እናንተ የምትቸኩሉት ለመናገሩ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታዝናለች፤ ግን ያንን የሚነግሯቸው እናንተ አይደላችሁም፣ የንስሐ አባታቸው ናቸው። የአስታማሚውን ስልክ ተጠቅማችሁ ማስደወል ነውር የለበትም። ለዚያች ከጮቄ ለመጡት እናት የንስሐ አባታቸው ቶሎ እንዲቀምሱ ፈቀዱላቸው፤ እንቁላሉን ግን እሳቸው ራሳቸው «ፋሲካ ይድረስ» አሉ። ስለዚህ ዕቅዱን ቀየርኩት፦ ወፈር ያለ ሽሮ በዘይት፣ የምስር ወጥ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ኑግ የገባበት ቆሎ፣ የተፈጨ ለውዝ በአጥሚት። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ የአንዱን የፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላል፤ ሽሮ በእንጀራን አያቶቻችን ያለ ሠንጠረዥ አውቀውት ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ ግን አትግቡ። ጣና አጠገብ ሆናችሁ ቢያጓጓችሁም አትግቡ።

5. የተጎዱ ሕፃናት ክፍል

ጎጃም ጤፉም በቆሎውም ለሌላው የሚተርፍ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ጎተራ ሞልቶ ልጅ ይጎዳል። እዚህ ክፍል ስትገቡ እናቶቹን እንደ ጥፋተኛ አትዩ።

ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ክፉኛ ተጎድቷል። እብጠቱን ለማየት ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣታችሁ ለ3 ሰከንድ ተጫኑ፤ ስታነሡ ጉድጓድ ከቀረ ነው። የምግብ ፍላጎት ያለውና ሌላ ሕመም የሌለበት በጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኬላ ይታከማል፤ ሆስፒታል የሚተኛው የሚያስመልሰው፣ ትኩሳት ያለበት፣ ፕላምፒ ነት (በከረጢት የሚመጣውን የለውዝ ልቁጥ) አልበላ ያለው ነው።

መነሻው ኤፍ-75፣ ለተጎዱ ሕፃናት ሕክምና የሚዘጋጀው ቀጭን ወተት ነው። ስሌቱን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሥሩት። ልጁ 6.4 ኪሎ ነው እንበል፤ በቀን በኪሎ 130 ሚሊ ሊትር፣ 832 ይሆናል፤ ለ8 ሲካፈል በአንድ ጊዜ 104፣ ሠንጠረዡ 105 ይላችኋል። ፊቱ ድረስ ላበጠ ልጅ ግን በኪሎ 100 ነው፤ ያው ልጅ በአንድ ጊዜ 80 ይደርሰዋል። ይህን ልዩነት መርሳት ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ጫናው ልጁ ልብ ላይ ነው የሚወርደው።

ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ለመያዝ የተመቸ ነው፦ 12፣ 3፣ 6፣ 9፤ ቀንም ሌሊትም። ቀን ላይ ያለውን ሁሉም ይሰጣል። የሚዘለለው የሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ተረኛዋ አንዲት ናት፣ እናቲቱ ደክሟት ወለል ላይ ተኝታለች፣ ሕፃኑም ስለማያለቅስ ማንም አይነቃም። ለዚህ ልጅ ዝምታው ነው አደጋው፤ ስኳሩ ወርዶ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ያድራል። ስለዚህ ጠዋት ቻርቱን ስታዩ የሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያለችውን ምልክት ብቻ አትመኑ፤ እናቲቱን «ሌሊት ስንት ጊዜ ቀሰቀሱሽ?» በሏት። አንድ ሌሊት ብቻ ተረኛ ሆናችሁ እደሩ፤ ከዚያ በኋላ ለሲስተሯ የምትናገሩበት ድምፅ ራሱ ይለወጣል።

እናቶች ሁለት ነገር ይጠይቋችኋል። አንደኛው «ወተቱ ለምን ቀጠነ?» ነው። ኤፍ-75 በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪና ከ1 ግራም ያነሰ ፕሮቲን ነው ያለው፤ የተዳከመ ጉበትና ኩላሊት ከዚያ በላይ በአንዴ አይችልም። ይህን እንዲህ ብትሏት ምንም አልነገራችኋትም። «የከሳ በሬ በሰኔ ለምለም ሣር ላይ ድንገት ቢለቀቅ ምን ይሆናል?» በሏት። «ይነፋዋል» ትላችኋለች። አለቀ። ሁለተኛው ከሦስት ቀን በኋላ ይመጣል፦ «ልጄ እዚህ ገብቶ ባሰበት፣ ከሳ።» ያበጠ ልጅ ውኃው ሲወጣለት ኪሎው ይወርዳል፤ ፊቱ ሲሟሽሽ አጥንቱ ይታያል። መልካም ምልክት ነው፤ ግን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋት ሌሊት ልጇን አዝላ ትሄዳለች። ሲገባ ቀን ንገሯት። ተማሪም በዚህ ይሳሳታል፦ ኪሎው ወረደ ብሎ ወተት ይጨምራል።

እብጠቱ ሲጎድልና ልጁ ወተቱን እየጎተተ ሲጠጣ ወደ ኤፍ-100 (ኃይሉ ከፍ ወዳለው ወተት) ወይም ወደ ፕላምፒ ነት ይሻገራል። አንዱ የፕላምፒ ነት ከረጢት 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ አለው። ስትሸኙት «ቤት ስንት ልጅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አራት ካሉ ከረጢቱ ለአራት ይካፈላል። መድኃኒት ነው፣ ምግብ አይደለም ብላችሁ ንገሯት፤ መድኃኒት ለወንድም አይካፈልም።

6. ለአዋቂው ስሌት

ለአብዛኛው ታማሚ በቀን በኪሎ ክብደቱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ፣ ፕሮቲን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም መነሻ ይሆናችኋል። ግን የበሬው ነገር ለአዋቂም ይሠራል። ከ10 ቀን በላይ ምንም ያልቀመሰ፣ ወይም ቢኤምአዩ (ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲመዛዘን) ከ16 በታች የሆነ ሰው ድንገት ሲመገብ ፎስፌቱ፣ ፖታሲየሙና ማግኒዚየሙ ከደም ይወርዳል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። ለዚህ ሰው በቀን በኪሎ ከ10 ኪሎ ካሎሪ አትበልጡ፤ 45 ኪሎ ከሆነ 450። ከ4 እስከ 7 ባለው ቀን ውስጥ ቀስ እያላችሁ አሳድጉ። ቪታሚን ቢ-1 ከምግቡ በፊት እንዲጀመር ለሐኪሙ አሳስቡ፤ አረቄ የሚያዘወትር ከሆነ በተለይ። አስታማሚዎቹ «ሰውየው ተራበ፣ አንተ ትከለክላለህ» ሲሏችሁ ታገሡ።

7. ቻርት ላይ መጻፍ፣ ራውንድ ላይ መናገር

የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ አልጋ ዳር የሚነገረው በአማርኛ። ሁለቱን አታደባልቁ። ለበሽተኛው ገንቢ፣ ኃይል ሰጪና በሽታ ተከላካይ የሚሉት ቃላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያስለመደቻቸው ናቸው፤ ተጠቀሙባቸው።

ማስታወሻችሁ ችግሩን፣ ምክንያቱንና ምልክቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይያዝ፤ ከዚያ ምን እንዲደረግ፣ መቼ እንደምታዩት። ራውንድ ላይ ግማሽ ደቂቃ አላችሁ፦ «ዶክተር፣ አልጋ 7 ለስድስት ቀን ከሚያስፈልጋት ሲሶ በታች ነው የበላችው፤ መዋጥ ያማታል፤ በኤን ጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ሆድ በሚገባው ቱቦ) እንጀምር ወይ?» ጥያቄ ሆኖ ይቅረብ። ምክር የሚሰማ ሲኒየር ጥቂት ነው፣ ጥያቄ የማይመልስ ግን የለም።

8. ወጥ ቤት ውረዱ፣ ከዚያ ሸኙ

ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ ወጡ ሳይወርድ፣ ወደ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሂዱ። እትዬን ሰላም በሉ፣ ጭልፋዋን እዩ፣ እንጀራውን ሚዛን ላይ አውጡ። ቻርት ላይ «ጨው የቀነሰ» ብላችሁ የምትጽፉት ሁሉ ከአንድ ድስት ነው የሚወጣው። ጨው ከመግባቱ በፊት ለሦስት ሰው እንድትቀንስላችሁ ከእሷ ጋር ተስማሙ፤ ደብዳቤ አያስፈልገውም።

ስትሸኙ ክልከላ አትዘርዝሩ። የልብ ቫልቩ ተጎድቶ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት) የሚወስድን ሰው «ጎመን አትብላ» ማለት ስሕተት ነው። ጎመኑ በጾም ድንገት ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፣ ከፋሲካ በኋላ ድንገት ሲጠፋ ይበረታና ያደማል፤ የምትሉት «ዓመቱን ሙሉ እኩል ይሁን፣ ጾሙ ሲገባና ሲወጣ ደሙን ይታይ» ነው። ፖታሲየም ለከበደበት የኩላሊት ታማሚ ድንቹ ተልጦ፣ ደቀቅ ብሎ ተቆርጦ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋ። ለስኳር ታማሚው ደግሞ የገዛ እንጀራውን በእጁ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ የአንዱ ቤት እንጀራ የሌላው ቤት አንድ ተኩል ነው። ከዚያ «ገብቶዎታል?» አትበሉ፣ «እሺ» ነው የሚመልሱላችሁ። «ቤት ሲደርሱ ለባለቤትዎ ምን ይሏታል?» በሉና ዝም ብላችሁ አድምጡ።

ሎግ ቡካችሁን (የልምምድ መዝገባችሁን) በየቀኑ አስፈርሙ። የያዛችሁ ሰው በመጨረሻው ሳምንት ሥልጠና ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ይሄዳል።